በእንግሊዝ ገጠር፣ ወንዝ ዳር ፐብ ውስጥ እንዴት ይበላል? እንዴት ይጠጣል?

እንግሊዝ በገባሁበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ያለ አንድ ፐብ፣ ማለትም የእንግሊዞች መጠጥና ምግብ ቤት፣ ሄድኩ። ደጅ ካሉት የእንጨት ጠረጴዛዎች አንዱን ይዤ አስተናጋጅ መጠበቅ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ማንም አልመጣም። አጠገቤ ያሉት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ። «በመልኬ ነው» አልኩ በሆዴ። ከፍቶኝ ተነስቼ ሄድኩ። ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስትነግረኝ ነው። እዚህ አገር ፐብ ውስጥ አስተናጋጅ መጥቶ አይታዘዝም። ሰው ራሱ ተነስቶ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ያዛል። ያን ቀን የገፋኝ ሰው አልነበረም፤ ደንቡን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

እናንተ ያችን ግማሽ ሰዓት እንዳትቀመጡ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቦታውንና ሰዓቱን አስቀድሞ መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ኦክስፎርድን እመርጣለሁ። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትወጡ ፖርት ሜዶው የሚባል ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አለ። ፈረስና ከብት ተለቆበት ይግጣል። በሜዳው ጠርዝ ቴምዝ ይፈሳል፤ ኦክስፎርድ ላይ አይሲስ ብለው ነው የሚጠሩት። ወንዙን ተሻግራችሁ የእግር መንገዱን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ መጀመሪያ ቢንዚ መንደር ላይ ፐርች የሚባለውን የሣር ክዳን ፐብ ታገኛላችሁ። ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። የጎድስቶው ገዳም ፍርስራሽ ይመጣል። የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ወዳጅ የነበረችው ሮዛመንድ ክሊፈርድ የተቀበረችው እዚያ ነው። ድልድዩን ስትሻገሩ ትራውት ኢን ይጠብቃችኋል። በረንዳው ከውሃው አፍ ላይ ነው፤ አጠገቡ በግድቡ ላይ የሚወርደው ውሃ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ከመሃል ከተማ አንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን። በእንግሊዝ የቅዝቃዜ ወራት ሜዳው በጎርፍ ስለሚሸፈን መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

በእግር መሄድን የምመክረው ለውበቱ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ አሽከርካሪ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል ከተገኘበት ወንጀል ነው። ስንት ብርጭቆ እዚያ ያደርሳል የሚለው ከሰው ሰው ይለያያል። የሚነዳው ሰው ባይጠጣ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። ፐቡ ክፍት ነው ማለት ወጥ ቤቱ ክፍት ነው ማለት አይደለም። በብዙ የገጠር ፐቦች ምሳ ከቀትር እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋና ማታ እንደገና ይከፈታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተርባችሁ ብትደርሱ የምታገኙት የድንች ጥብስ ከረጢት ብቻ ሊሆን ይችላል። እሁድ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠረጴዛ ያዙ። የእሁድ ምሳ ሲያልቅ አለቀ ነው።

ባንኮኒው ላይ

ስትደርሱ መጀመሪያ ጠረጴዛ ያዙ። አንድ ሰው ይቀመጥ ወይም ጃኬት ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ እሱን አስታውሱ። ምግብ ስታዙ ይጠይቋችኋል። አንዳንድ ቦታ በስልካችሁ ካሜራ አንስታችሁ የምታዙበት ምልክት ተለጥፏል፣ አንዳንዱ ምግብ ቤት መሰል ፐብ ደግሞ አስተናጋጅ አለው። ጥርጣሬ ካላችሁ ገብታችሁ «ባንኮኒ ላይ ነው የሚታዘዘው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባንኮኒው ጋ ሰልፍ አይታይም፤ ግን አለ። ሰው ሁሉ በባንኮኒው ርዝመት ተደርድሮ ይቆማል። ማን ቀድሞ እንደመጣ ግን ቆሞ የሚጠብቀውም የሚቀዳውም ያውቃል። እጅ ማጨብጨብ፣ ጮክ ብሎ መጥራት፣ ብር እያሳዩ ማውለብለብ እዚህ ስድብ ነው። አገር ቤት አጨብጭበን መጥራት ስለለመድን ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ የሚቀዳውን ሰው ዓይን ጠብቁ፤ ሲያያችሁ ራሳችሁን ነቅነቅ አድርጉ። ተራችሁ ሳይደርስ የሚቀዳው ሰው «ምን ልስጣችሁ?» ካላችሁ፣ ጎናችሁ ወዳለው ሰው እያመለከታችሁ «እሳቸው ይቀድማሉ» በሉ። በዚህች ትንሽ ነገር ስንት ሰው እንዳነጋገረኝ!

የሚከፈለው ወዲያው ነው። እንደኛ መጨረሻ ላይ «በሞቴ እኔ ልክፈል» የሚባል ትግል የለም። በምትኩ ዙር አለ። አራት ጓደኛሞች ከሆናችሁ አንዱ ተነስቶ ለአራቱም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እያለ ይዞራል። የሌሎቹን ጠጥቶ የራሱ ዙር ሳይደርስ የሚጠፋ ሰው ይታወቃል፤ ማንም ግን ፊት ለፊት አይነግረውም። ለስላሳ ብቻ የምትጠጡም ብትሆኑ ተራችሁን ግዙ። መጠጡ ከበዛባችሁ «ይህን ዙር ልለፈው» ማለት በቂ ነው፤ የሚያስገድድ የለም።

ለመጠጥ ቲፕ አይጠበቅም። ደስ ካላችሁ «ለራስህም አንድ ቅዳ» ይባላል። ለምግብ ግን ሂሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ እንደሆነ አስተውሉ።

አልኮል ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት አለባችሁ። ከ25 በታች የምትመስሉ ከሆነ መታወቂያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ።

የሚጠጣው

ረጅም እጀታ ያላቸው መቅጃዎች ተደርድረው ታያላችሁ። እነሱ ካስክ ኤል የሚባለውን ባህላዊ ቢራ የሚስቡ ናቸው። ይህ ቢራ በርሜሉ ውስጥ እያለ መብላላቱን ይቀጥላል። የሚቀመጠው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ምድር ቤት ነው፤ ጋዙም ትንሽ ነው። «ሞቅ ያለ ቢራ» እያለ የሚያማ ብዙ ነው። እኔ ግን ጠላ ለለመደ አፍ ከቀዝቃዛ ድራፍት የበለጠ ይቀርባል ባይ ነኝ። ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ሆፕስ የሚባል ተክል ይሠራዋል፤ ምሬቱን የሚሰጠው እሱ ነው። የቱን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ ቅመሻ ጠይቁ። በትንሽ ብርጭቆ በነፃ ያቀምሷችኋል። በ1971 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር የተቋቋመው ይህ ቢራ እንዳይጠፋ ለመከላከል ነው።

አንድ ፒንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። ከኛ ጠርሙስ ቢራ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ ግማሽ ማዘዝ አያሳፍርም። ወይን የሚቀዳው በ125፣ በ175 ወይም በ250 ሚሊ ሊትር ነው። ዝም ብላችሁ «ትልቅ» ካላችሁ የጠርሙሱ ሲሶ ይመጣላችኋል። ሳይደር ከፖም የሚሠራ አልኮል ነው፤ ጣፋጭነቱ አያታላችሁ።

አልኮል የማይጠጣ ሰው ላይም ችግር የለም። ላይም ኤንድ ሶዳ ርካሽና ጥሩ ነው። ሌመኔድ ስትሉ ግን የሎሚ ጭማቂ አትጠብቁ፤ የሚመጣው እንደ ስፕራይት ያለ ለስላሳ ነው። የቧንቧ ውሃ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው፤ ጠይቁ።

የሚበላው

እሁድ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፤ ሰንደይ ሮስት እዘዙ። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ተቆራርጦ፣ ከላዩ ጥርት ያለ ከውስጡ ለስላሳ የሆነ ድንች፣ አትክልት፣ ግሬቪ የሚሉት ወፈር ያለ የሥጋ መረቅ አብሮ ይመጣል። ዮርክሻየር ፑዲንግም አለበት። ስሙ ጣፋጭ ይመስላል እንጂ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የተጋገረ፣ መሃሉ ጎድጓዳ የሆነ ቂጣ ነው። ግሬቪውን እሱ ውስጥ አፍስሱ። ሥጋው መሃሉ ቀላ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ጥሬ ሥጋ ለምናውቅ ሰዎች አያስደነግጥም። ሆርስራዲሽ የሚባለው ነጭ ማጣፈጫ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ብቻ ያዙ። ለበግ ሥጋ ከናና፣ ከኮምጣጤና ከስኳር የተሠራ ማጣፈጫ ያቀርባሉ። እኔ መጀመሪያ ጠልቼው ነበር፤ አሁን ያለሱ በግ አይጥመኝም።

አሳማ የማትበሉ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስኮች ኤግ ሲታይ የተጠበሰ እንቁላል ነው፣ እንቁላሉ የተጠቀለለበት ግን የአሳማ ሥጋ ነው። ከሮስት ጋር የሚመጣው ስተፊንግ የሚሉት የዳቦ ፍርፋሪ ድብልቅ ብዙ ጊዜ ውስጡ የአሳማ ቋሊማ አለበት። በየባንኮኒው የሚሸጠው ፖርክ ስክራቺንግስ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው። አልኮል ለማትነኩም፦ ስቴክ ኤንድ ኤል ፓይ በቢራ የተሠራ ነው፤ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ (ዓሣና የድንች ጥብስ) ስታዙም ዓሣው የሚነከርበት ሊጥ ብዙ ጊዜ በቢራ ይበጠበጣል።

በጾም ወቅት ቪጋን (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የሌለበት) የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ። ምልክቱን አይታችሁም ጠይቁ። ድንቹ ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ተጠብሶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ ሰሜን እንግሊዝ፣ በበሬ ሞራ ይጠብሳሉ። ያ ባህላዊ ቢራ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከዓሣ ፊኛ በሚገኝ ነገር ነው። እንቁላል፣ ወተትና ዓሣን ጨምሮ 14 አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን በተመለከተ እንዲነግሯችሁ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ ስትጠይቁ አትሳቀቁ።

በሥራ ቀን ቀላል ነገር ከፈለጋችሁ ፕላውማንስ አለ። አይብ፣ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ፒክል (በኮምጣጤ የተዘጋጀ አትክልት) በአንድ ሳህን። ለማወራረጃ ደግሞ በቴምር የሚሠራው ስቲኪ ቶፊ ፑዲንግ። ለሁለት አንድ ይበቃል።

ውሃው ዳር

ወንበሩ ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁላችሁም በአንድ በኩል ከተቀመጣችሁ ይገለበጣል። ከሣሩ ጠርዝ ለመቀመጥ ከፈለጋችሁ የፕላስቲክ ብርጭቆ ጠይቁ። ዳክዬና ዝይ ሳህናችሁን ከማረፋቸው በፊት አይተውታል፤ አትመግቧቸው። ነሐሴ ላይ ተርብ ስለሚበዛ ጣፋጭ መጠጥ ከመጎንጨታችሁ በፊት ብርጭቆውን እዩ። ሕፃናት ይዛችሁ ከሆነ አንድ ያልጠጣ ትልቅ ሰው ዓይኑን አይንቀልባቸው። የግድቡ ውሃ ሲታይ የሚያምረውን ያህል ኃይለኛ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ቅዝቃዜው ከወንዙ ድንገት ይነሳል፤ ሹራብ ያዙ።

ማታ ላይ ደወል ይደወላል። ላስት ኦርደርስ ይሉታል፤ የመጨረሻ ማዘዣ ማለት ነው። ሌላ ከፈለጋችሁ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የያዛችሁትን ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባችሁ ባንኮኒው ላይ መልሱና አመስግናችሁ ውጡ። በቀጣዩ ስትመጡ ያውቋችኋል።

በእግር የመጣችሁ ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አትጨርሱ። ፖርት ሜዶው ላይ የመንገድ መብራት የለም። ከደከማችሁ ከዎልቨርኮት መንደር ወደ መሃል ከተማ አውቶቡስ አለ። በእግራችሁ ከተመለሳችሁ ግን ላሞቹ መንገዱ ላይ ተኝተው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። አታስነሷቸው፤ ዞር ብላችሁ እለፉ።