የላይብረሪ ካታሎግ ላይ ስህተት ስታገኙ

ሐረርም ሁኑ ድሬዳዋ፣ መጽሐፍ በላይብረሪው የኦንላይን ካታሎግ ፈልጋችሁ ስታጡ ቶሎ «የለም» አትበሉ። መጀመሪያ ፊደል ቀይሩ። በ«ሐ» የተመዘገበ ሐረር በ«ሀ» ስትፈልጉት ላይመጣ ይችላል፤ ድሬዳዋም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ ይጻፋል። ይሄ ስህተት ላይሆን ይችላል፣ ግን ሌላው አጻጻፍም እንዲጨመር መጠየቅ ይቻላል።

የምር ስህተት ከሆነ መጽሐፉን አስወጡና የርዕስ ገጹን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱ። ሽፋኑ ብቻ አይበቃም። ከዚያ የመዝገቡን ሊንክ ወይም የመደርደሪያ ቁጥሩን ጨምራችሁ፣ «አሁን እንዲህ ይላል፣ መሆን ያለበት እንዲህ ነው» ብላችሁ ለላይብረሪው በኢሜይል ላኩ። «ካታሎጋችሁ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም።

በተለይ ስምና ዓመት ላይ አይናችሁን ጣሉ። እንደ ፈረንጅ ልማድ የአባት ስም ፊት ይገባና ደራሲው እዚያው ጠፍቶ ይቀራል፤ የእኛ ሰው የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው። በ2000 ዓ.ም. የታተመውን እንዳለ የፈረንጅ 2000 ብሎ መጻፍ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ያሳስታል። መልስ ከዘገየ መጽሐፍ የሚያውሱት ሠራተኞች ጋ ሄዳችሁ ፎቶውን ከስልካችሁ አሳዩ።