የአፓርታይድን የቤተሰብ ቁስል በልቦለድ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደቡብ አፍሪካን መቼት ያደረጉ ልቦለዶች በብዛት የሚሰናከሉበት የመጀመሪያው ስህተት የአፓርታይድን፣ ማለትም የአገሪቱን ሕጋዊ የዘር መለያየት ሥርዓት፣ ሥቃይ በጥይትና በዱላ ብቻ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሻርፕቪል፣ በ1976 በሶዌቶ ፖሊስ በተቃዋሚዎች ላይ ተኩሶ የፈሰሰው ደም ሊረሳ አይገባውም፤ ቤተሰብን ያፈረሰው ግን በአብዛኛው ወረቀት ነበር። የይለፍ ሕጉ በከተማ የመኖር መብት የሌለው ጥቁር ሰው ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ስለሚከለክል፣ አባት በማዕድን ሠራተኞች ማደሪያ፣ እናት በነጭ አሠሪዎቿ ጓሮ ሲያድሩ ልጆቻቸው ገጠር ከአያታቸው ጋር ይቀሩ ነበር። በዓመት አንዴ ለገና የምትመጣ እናቱን ሲያይ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ የሚሸሸግ ልጅ፣ እሷም ልታባብለው ስትሞክር ሳታውቀው በአሠሪዎቿ ልጅ ስም ስትጠራው የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ከብዙ የድብደባ ምዕራፎች ይልቅ ጉዳቱን ያስረዳል።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ቤተሰቡን አንድ ልብ ያለው ተበዳይ አድርጎ መሣል ነው። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ሰውን በመልኩና በአካባቢው ዘንድ ባለው ተቀባይነት ይመድብ ስለነበር፣ የአንድ እናት ልጆች በተለያየ ዘር ሊመዘገቡ ይችሉ ነበር፤ ጠጉር ውስጥ የተሰካ እርሳስ መውደቅ አለመውደቁ እንኳ ለፍርዱ መለኪያ የሆነበት ጊዜ ነበር። «ነጭ» ተብላ የተመዘገበች እህት ወንድሟን መንገድ ላይ አይታ እንዳላየች ስታልፍ፣ ደራሲው ለመፍረድ ሳይቸኩል ፍርሃቷንም ፍቅሯንም፣ «ሂጂ፣ እኛን እርሺን» ብላ የመከረቻትን እናት ቁርጠኝነትም ጭምር መጻፍ አለበት።

ደግ ነጭ አሠሪን የታሪኩ አዳኝ ማድረግም ያሳስታል፤ የደግነቷን ያህል ኑሮዋ በዚያው ሥርዓት ላይ መደላደሉ መታየት አለበት።

ቦታና ዘመን ማደባለቅም የአንባቢን እምነት ያሳጣል። ጥቁሮች ይኖሩበት ከነበረው ከሶፊያታውን ሰፈር ነዋሪዎችን ሜዶውላንድስ ወደተባለው የጥቁሮች መንደር ማፈናቀል የተጀመረው በ1955 በጆሃንስበርግ ሲሆን፣ ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር ለነጮች የተከለለው ግን በ1966 በኬፕታውን ነው።

የመጨረሻው ስህተት ታሪኩን ሁሉም ዘር በመረጠበት በ1994ቱ ምርጫ ሰልፍ መዝጋት ነው። የአፓርታይድ ዘመን በደሎችን ለመመርመር ተቋቁሞ በ1996 ምስክርነት መስማት የጀመረው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በዋናነት ያተኮረው በግድያ፣ በማሰቃየት፣ በአፈናና በከባድ እንግልት ላይ ስለነበር፣ ልጇን ሳታሳድግ በቀረች እናት ላይ የደረሰው በደል አብዛኛውን ጊዜ ከሥልጣኑ ውጭ ቀርቷል። «ለምን ተውሽኝ?» የሚለው የጎልማሳ ልጇ ጥያቄ ከምርጫውም በኋላ እዚያው ቤት ውስጥ ስላለ፣ ልቦለዱ እስከዚያ ድረስ መሄድ ይኖርበታል።