የአጋዘን ማደኛ ማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሠሩ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን በጠመንጃ ማደን በአብዛኛው የሚፈቀደው ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ነው። እዚህ ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል ጿሚ የሆነው ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ስጋ ቤቱ እንዲገባ ይፈልጋል። እንጨት ለመግዛት የሚወጣው ግን በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ቀኑ ያጥራል፣ ዝናቡ ይመጣል፣ ከሥራ መልስ ይጨልማል፤ ማማው በሁለት ቅዳሜ ተጣድፎ ይቆምና «ለዘንድሮ ይበቃኛል» ይባላል። ለዘንድሮ ተብሎ የተሠራ ማማ ግን ማንም አያፈርሰውም። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ ሰው ይወጣበታል። በአናጢነት ሙያዬ ለጥገና ተጠርቼ ያየኋቸው አደገኛ ማማዎች አብዛኞቹ የጥድፊያ ሥራ ናቸው። እንጨቱን በጁላይ ግዙ፣ በኦገስት ሥሩ። አጋዘኖቹም ከአዲሱ ነገር ጋር የሚላመዱበት ጊዜ ያገኛሉ።

አገር ቤት ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ይንቀዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ግንድ ተተክሎ፣ በልጥ ታስሮ፣ ቅጠል ተነጥፎበት፣ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ወፍና ዝንጀሮ የሚከላከልበት ማማ ከእሸት እስከ አጨዳ ከቆመ ሥራውን ጨርሷል። እዚህ የምትሠሩት ማማ ግን በዝናብ፣ በበረዶና በነፋስ ለዓመታት ይቆማል። የሚወጣበትም ወፍራም ልብስ የደረበ፣ ከባድ ጫማ ያደረገ፣ ገና ሳይነጋ በጨለማ የሚወጣ ጎልማሳ ነው። ያ እውቀት ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ክብደትን በብሎን ላይ ማንጠልጠል

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ጀማሪ ሰው አራት ቋሚ ያቆማል፤ አግዳሚውን እንጨት በቋሚው ጎን ላይ ያስጠጋና በብሎን ይመታዋል። ከዚያ ወለሉን የሚሸከሙትን ወራጆች በአግዳሚው ጎን ላይ በብሎን ይመታል፣ ወለሉንም ያነጥፋል። ሲጨርስ ይወጣና ይዘልበታል፤ አይነቃነቅም። ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከመሬት 10 ጫማ ከፍታ ላይ ያለው የሰው ክብደት፣ ወንበሩ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው ሁሉ የእርሳስ ቀለም ያህል በቀጠኑ ጥቂት ብረቶች ላይ ተንጠልጥሏል።

በተለይ ጥቁሩን ቀጭን ብሎን ከማማ አርቁልኝ! ይህ ብሎን የተሠራው ጂፕሰም ቦርድን ግድግዳ ላይ ለማጣበቅ ነው። ብረቱ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ምስማር ከመጠን በላይ ሲጫን ይጎብጣል፣ ይንቋቋል፣ እንጨቱ ዝቅ ማለቱ በዓይን ይታያል፤ ለባለቤቱ ጊዜ ይሰጠዋል። ጥቁሩ ብሎን ግን ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይቀነጠሳል። ዝገትንም አይችልም። በሳጥን ተሞልቶ በርካሽ ስለሚሸጥ ብቻ ሰው ይገዛዋል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሸናንዶዋ ሸለቆ አካባቢ አንድ ወገናችን «ማማዬ ትንሽ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ እየው» ብሎ ወሰደኝ። ከውጭ ሲታይ ሥራው ያማረ ነው፤ እንጨቱ በልክ ተቆርጧል፣ ሁሉም ቀጥ ብሏል። ከወለሉ ሥር ገብቼ አንዱን አግዳሚ በመዳፌ ወደ ላይ ስገፋው ተነሳ። ከቋሚው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የብሎኖቹ ራሶች በእንጨቱ ፊት ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ገላቸው ግን ሁለቱ እንጨቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ ተቆርጧል። በስንጥቁ ውስጥ በባትሪ ሳበራ የተቆረጠው ብረት ዝጎ፣ ዝገቱ በእንጨቱ ላይ ቡናማ መስመር አውጥቶ ነበር። በዚያ በኩል ማማውን ይዘው ያቆሙት የወለሉ ጣውላዎች ብቻ ናቸው። ሰውየው ባለፈው ዓመት ልጁን ይዞ ወጥቶበታል። እስከ ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ። በእርሱ አይደለም፤ ይህን ማንም ስላልነገረው ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ክብደቱ ከወለል ወደ ወራጅ፣ ከወራጅ ወደ አግዳሚ፣ ከአግዳሚ ወደ ቋሚ፣ ከቋሚ ወደ መሬት ይውረድ፤ በየደረጃው እንጨት በእንጨት ላይ ይቀመጥ። ብሎኑ እንጨቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይያዝ እንጂ አይሸከም። ለዚህ በቋሚው ራስ ላይ በመጋዝና በመሮ ለአግዳሚው መቀመጫ ቅረጹለት። እዚህ ላይ ልኩን ተጠንቀቁ፤ አራት በአራት እየተባለ የሚሸጠው ቋሚ በእውነት 3 ተኩል ኢንች ነው፣ ሁለት በስድስት የሚባለውም ውፍረቱ 1 ተኩል ኢንች ብቻ ነው። ከቋሚው 1 ተኩል ኢንች ስትቀርጹ የሚቀረው 2 ኢንች ነው። ስለዚህ ከፍ ላለ ማማ ስድስት በስድስት የሚባለውን ብትገዙ ይሻላል፤ እርሱ 5 ተኩል ኢንች ስለሆነ ከተቀረጸም በኋላ ጉልበት ይተርፈዋል። መቅረጽ የማትደፍሩ ከሆነ ደግሞ ከአግዳሚው ሥር እስከ መሠረቱ የሚደርስ ሌላ እንጨት ከቋሚው ጋር አጣብቁ፤ አግዳሚው በእርሱ ራስ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው፣ ዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ባለዳዶ ብሎን በየመገናኛው ሁለት ሁለት አድርጋችሁ፣ ሮንዴላ ጨምራችሁ አጥብቁ። ወራጆቹንም ከአግዳሚው ጎን ሳይሆን ከላዩ አሳርፏቸው።

ያገኙትን እንጨት መጠቀም

የዕቃ መጫኛ ፓሌት ፈትቶ ማማ መሥራት በቪዲዮ ሲታይ ያምራል። ያ እንጨት የታሰበው ዕቃ ለመሸከም ነው፤ ዝናብ ሲደበድበው ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል። ከፈረሰ በረንዳ የተነሣ አሮጌ እንጨት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው የታከመ (እንዳይበሰብስ መድኃኒት የተደረገበት) እንጨት በአብዛኛው አርሰኒክ የሚባል መርዝ ያለበት ነበር። ስትቆርጡት ብናኙን መሳብ የለባችሁም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ማከሚያ መዳብ የበዛበት ነው። መዳቡ ተራውን ብረት ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ከታከመ እንጨት ጋር የሚገባው ብሎንና ምስማር በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። በሱቅ መደርደሪያ ላይ አንጸባራቂ ቢጫ ወይም ነጭ ቅብ ያለው ሁሉ ይህን አያሟላም፤ ካርቶኑ ላይ ለታከመ እንጨት የሚሆን መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ አንብቡ።

እንጨቱ ጫፍ ላይ የተመታችውን ትንሽ ወረቀትም አንብቧት። መሬት የሚነካው ቋሚ «ለመሬት ንክኪ» የሚል ጽሑፍና ቢያንስ ዩሲ 4ኤ የሚል ምልክት ይኑረው። ስትቆርጡት ማከሚያው ያልደረሰበት ልብ ይገለጣል፤ የተቆረጠውን ፊት በብሩሽ የሚቀባ ማከሚያ አጠጡት፣ ያልተቆረጠውንም ጫፍ ወደ መሬት አድርጉት። የተረፈውን ቁራጭ ለጥብስ እሳት አታድርጉ፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ሰያፍ ደጋፊ አለማድረግ

አራት ቋሚ ያለ ሰያፍ እንጨት በነፋስ ይጋደማል። ባለአራት ማዕዘን ነገር ሲገፋ ይዘማል፣ ባለሦስት ማዕዘን አይዘምም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰያፉን በአራቱም ጎን፣ በ45 ዲግሪ ገደማ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ምቱ።

መሰላሉን በመጨረሻ ማሰብ

ሰው ማማው ላይ ሁለት ሳምንት ይደክምና መሰላሉን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከቁርጥራጭ ይሠራዋል። ሰው የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ነው፤ በተለይ ከመሰላሉ ወደ ወለሉ በሚሻገርባት አንዲት እርምጃ ላይ። በቋሚዎቹ ፊት በምስማር ብቻ የተመታ እርከን የእግር ክብደት በተጫነው ቁጥር ምስማሩን እየጎተተ ይላላል። እርከኑን በጎንና በጎን ባሉት እንጨቶች ውስጥ ቀርጻችሁ አስገቡት፣ ወይም ከእያንዳንዱ እርከን ሥር የሚሸከም ቁራጭ እንጨት ግጠሙበት። እዚህም ያው የክብደቱ ነገር ነው። በእርከኖቹ መካከል 12 ኢንች ይሁን፤ ሁሉም እኩል ይሁን፤ በጨለማ እግር የሚያስታውሰው እኩልነቱን ነው። የመሰላሉ ጎኖች ከወለሉ በላይ 3 ጫማ ያህል ይውጡ፤ ስትሻገሩ እጃችሁ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። በርጥበት እንዳያንሸራትትም በእርከኑ ላይ ሻካራ ነገር ለጥፉበት።

በሕይወት ያለን ዛፍ እንደ ምሰሶ መቁጠር

ዛፍ ያድጋል፣ ይወዛወዛል። በሁለት ዛፎች መካከል የተቸነከረ አግዳሚ እያንዳንዱ ዛፍ በየራሱ ስለሚወዛወዝ ምስማሩን ይነቅላል ወይም እንጨቱን ይሰነጥቃል። በዛፉ ገላ ውስጥ የቀረ ምስማርም ከዓመታት በኋላ የቆራጩን መጋዝ ይጠብቃል፤ ብዙ ባለመሬት የሚቆጣው በዚህ ነው። ከሁሉም የከፋው የደረቀ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘው ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ አሽ የሚባለውን ዛፍ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ፈጅቶታል። የሞተው አሽ ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ቅርንጫፉ ግን በድንገት ይሰበራል። ማማችሁን ከእርሱ ጋር አታያይዙ፣ ከሥሩም አታቁሙ።

በብሔራዊ ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ቋሚ ማማ መሥራት ክልክል ነው። በግል መሬት ላይ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ «ጓደኛዬ ነው» አይበቃም፤ መሬቱ ሊሸጥ ይችላል።

መሠረትን መናቅ

ሚኒሶታ ያላችሁ ይህን በደንብ ስሙ። እዚያ የግንባታ ደንቡ መሠረት እንዲወርድ የሚጠይቀው በደቡቡ 42፣ በሰሜኑ 60 ኢንች ነው፤ ምክንያቱም የሚቀዘቅዘው መሬት ያብጥና የተተከለውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዱ ቋሚ ሲነሳ ሌላው ሲቀር ማማው ይጣመማል፣ መገናኛዎቹም ይፈታሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ ከመሬት በታች ያለውን የኤሌክትሪክና የጋዝ መስመር መጥተው በነጻ ምልክት ያደርጉላችኋል። ግድግዳና ጣሪያ ያለው ማማ ነፋስ እንደሚሰበስብም አትርሱ፤ መውረዱን ብቻ ሳይሆን መገልበጡንም ለመከላከል ከመሬት ጋር እሰሩት።

ወንበሩን ከመስኮቱ በኋላ መግዛት

መጀመሪያ ወንበሩን አምጡ፣ የክረምቱን ልብስ ለብሳችሁ ተቀመጡበት፣ ጠመንጃውን ባዶውን አነጣጥሩ፤ ክርኑ የሚያርፍበትን ከፍታ ሌላ ሰው በሜትር ይለካ። የመስኮቱ ደፍ እርሱ ነው። ጠዋት የምታድኑ ከሆነ ትልቁን መስኮት ወደ ምሥራቅ አታድርጉት፤ ፀሐይ ስትወጣ ምንም አታዩም። ወለሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፉ፤ አጋዘን የጫማ ድምፅ ይሰማል።

ማማው ጥሩ ስለሆነ ቀበቶ አያስፈልግም ማለት

ያስፈልጋል። ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን የሚይዘውን ሙሉ ቀበቶ ነው የምለው፤ ወገብ ብቻ የሚታሰረውን አይደለም። ከመሬት ከተነሳችሁበት እስክትመለሱ ድረስ ከገመድ ጋር ተያይዛችሁ ውጡ። በቀበቶ ተንጠልጥሎ መቆየት ራሱ አደገኛ ነው፤ ደም እግር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እግር የሚረግጥበት ማሰሪያና ስልክ እጅ የሚደርስበት ኪስ ውስጥ ይኑር። ጠመንጃውን ተሸክማችሁ አትውጡ። ጥይቱን አውጡ፣ ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ ሳቡት።

አንዴ ሠርቶ መርሳት

በየዓመቱ ኦገስት ላይ መፍቻና መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ከታች ሆናችሁ ተርብ ቤት ሠርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ በመሰላል መሐል ላይ የተርብ መንጋ የገጠመው ሰው መዝለል ብቻ ነው የሚታየው። ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ውጓቸው፤ ብረቱ ያለ ችግር ከሰመጠ እንጨቱ በስብሷል። የታከመ እንጨት ሲገዛ እርጥብ ስለሆነ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ዳዶዎቹም ይላላሉ፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም እንደገና አጥብቁ። ማማው የማይጠገን ከሆነ አፍርሱት። ለማፍረስ ጊዜ ካጣችሁ ቢያንስ የታችኞቹን እርከኖች ነቅላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ፤ በጫካው የሚያልፍ ሌላ አዳኝ ወይም የጎረቤት ልጅ መበስበሱን ሳያውቅ ይወጣበታል።