ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት የራሙን ማስገቢያ እዩ

ባለ 8 ጊጋባይት ራም (ላፕቶፑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) የዊንዶውስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ በኋላ 16 ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍቱትና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ንኩ። «ስሎትስ ዩዝድ» (የተያዙ ማስገቢያዎች) ላይ 1 ከ2 የሚል ካያችሁ፣ ማለትም ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን በዚያ ብቻ አትተማመኑ። ከሥሩ ያለው «ፎርም ፋክተር» (የራሙ ዓይነት ቅርጽ) ይበልጣል፦ «ሶዲም» ካለ ራሙ ተነቃይ ነው፣ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ግን ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ አይወጣም። ባዶ ቦታ ካለ ተመሳሳይ 8 ጊጋባይት ጨምሩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይፈጥናል። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የራም ትውልዶች ናቸው፤ ዲዲአር 4 በዲዲአር 5 ማስገቢያ አይገባም፣ ቅርጹ ይለያያል፤ በግድ አትግፉት። የአፕል ኤም ቺፕ ያላቸው ማክቡኮች ላይ በኋላ ራም መጨመር አይቻልም፤ እነሱን ከመጀመሪያው የሚበቃችሁን መጠን ይዛችሁ ግዙ።