አሳን እንደ በሬ ሥጋ አትጥበሱት

ጎንደር ላይ ጥብስ የማያውቅ ሰው የለም። አሳ ጥብሳችን የሚበላሸውም አሳውን እንደ ሥጋ ስለምንይዘው ነው። የበሬ ሥጋ ጅማቱ እስኪላላ ጊዜ ይፈልጋል። አሳ ጅማቱ ትንሽ ነው፤ በደቂቃዎች ይበስላል።

የመጀመሪያው ስህተት ገበያ ላይ ነው። አሳው ከሚመጣበት ከጣና ዳሯ ጎርጎራ እስከ ከተማችን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያለ በረዶ፣ ፀሐይ ሲመታው የመጣ አሳ በቅመም አይድንም። ዓይኑ ይጥራ፣ ጉንጩን ስትገልጡት ውስጡ ይቅላ፣ በጣት ስትጫኑት ሥጋው ይመለስ። ፊሌቶ ከሆነ አሽትቱት።

ሁለተኛው ሎሚ ነው። ጠረኑ ይጥፋ ብለን ዘፍዝፈነው እናድራለን። አሲዱ ሥጋውን ያኮማትረዋል፤ ሲጠበስ ደረቅ ይሆናል። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሎሚ ነካው ብላችሁ ደግሞ ጥሬውን እንዳትበሉት፤ ሎሚ የአሳ ትል አይገድልም።

ትልቁ ስህተት ግን ውሃ ነው። በቀደም እህቴ ቤት አንድ ኪሎ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ታጥቦ፣ ሳይደርቅ፣ በአንዴ መጥበሻ ላይ ተገለበጠ። ቸስ ያለው ድምፅ ወዲያው ጠፋ። ነጭ ውሃ አቀረረ፤ አሳው በራሱ ውሃ ተቀቀለ። በማማሰያ ሲታመስ ደግሞ ፍርፍር ሆነ። አሳዘነኝ፣ አሳው ትኩስ ነበር።

በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ ሁለት ጣት ስፋት ቁረጡት። ሽንኩርትና ቃሪያውን ለብቻ ለብለብ አድርጋችሁ አውጡ። መጥበሻው በደንብ ሲግል አሳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ጣሉ። አንድ ደቂቃ ተኩል አትንኩት። ከሥር ሲቀላ ራሱ ይለቃል፤ አንዴ አገላብጡት። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና የወጣውን ሽንኩርት መጨረሻ ላይ መልሱ። በሹካ ሲነካ ከተላጠና መሃሉ ነጭ ከሆነ አውርዱ።

ዘይት ላይም እጃችን አይመጠንም። 100 ግራም ጥሬ ቆሮሶ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ስቡ 2 ግራም አይሞላም፣ ካሎሪው ከ100 በታች ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ለአንድ ኪሎ አሳ ሦስት ማንኪያ በቂ ነው።

በጾም አሳ የምትበሉ ደግሞ ልብ በሉ፦ አሳ ቫይታሚን ቢ12 አለው፤ ሽሮና ምስር ውስጥ ይህ አይገኝም። ስለዚህ ለእናንተ ከጣዕሙም በላይ ነው። አዋዜውን በጎን አድርጉና ትኩሱን ብሉት።