የተክል ዱቄትና ጭማቂ ነቀዝን መግደል አለመግደሉ እንዴት ይፈተናል?

የኒም ዱቄት እህል ላይ ነስንሶ በሳምንቱ የሞተ ነቀዝ መቁጠር ለማንም አያቅትም። ከባዱ ነቀዙን የገደለው ኒሙ መሆኑን ማሳየት ነው። ነቀዝ አርጅቶ ይሞታል፣ በድርቀት ይሞታል፣ በደንብ ሳይተን በቀረ አልኮል ይሞታል፣ ማንኛውም ደቃቅ አቧራ ቆዳውን ፍቆትም ይሞታል። ሲነኩት ደግሞ እግሩን ሰብስቦ የሞተ ይመስላል። ለዚህ ነው ከሙከራው ልፋት ግማሹ ተክሉን ትቶ ወደ ማወዳደሪያዎቹ፣ ማለትም የተክሉ ውጤት ወደሚመዘንባቸው ዕቃዎች፣ የሚሄደው።

ነፍሳቱን ማርባት

ለጀማሪ የበቆሎ ነቀዝ (ሲቶፊለስ ዜማይስ) ይመቻል። ጎልማሳው ወራት ስለሚኖር በሙከራው መሐል በዕድሜው ምክንያት አያልቅባችሁም። የጥራጥሬ ነቀዝ (ካሎሶብሩከስ) ግን ከፍሬው ከወጣ በኋላ የሚኖረው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። በእሱ ላይ የአሥር ቀን የሞት ቆጠራ ምንም አይነግራችሁም። ከወጣ 24 ሰዓት ያልሞላውን ወስዳችሁ እስከ ሦስተኛው ቀን ቁጠሩ፣ ከዚያ በፍሬው ቆዳ ላይ የለጠፈውን እንቁላል ቁጠሩ። የዱቄት ጥንዚዛ (ትሪቦሊየም) ጤነኛ ሙሉ ፍሬ መብሳት ስለማይችል በዱቄት ወይም በተሰበረ እህል ላይ ይፈተናል።

እህሉ ፀረ ተባይ ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት። ውስጡ የተደበቀ እንቁላልና ዕጭ እንዲሞት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ካልጠበቃችሁት ጤዛ ይይዘውና ይሻግታል። የእህሉ እርጥበት ከ12 እስከ 13 በመቶ ሲሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች በጣም ከደረቀ ነቀዙ በደንብ አይራባም፤ ማወዳደሪያው ራሱ ልጅ ካላፈራ ደግሞ ሙከራው ከንቱ ነው።

አንድ ሊትር በሚይዝ ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ግማሽ ኪሎ እህል አድርጋችሁ 150 ያህል ነቀዝ ልቀቁበት። አፉን አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅና በላስቲክ እሰሩት። ሙቀቱ 27 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን። ኢንኩቤተር (ሙቀትን ጠብቆ የሚያቆይ ሳጥን) ከሌለ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ሊሟሟ ከሚችለው በላይ ጨው የተጨመረበት ውኃ በሳህን ማስቀመጥ እርጥበቱን ወደ 75 በመቶ ገደማ ያቆመዋል፤ ያም ያሠራል። ከሰባት እስከ አሥር ቀን እንቁላል ከጣሉ በኋላ እናቶቹን በወንፊት አንሱ። አዲሶቹ ጎልማሶች ከአምስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይወጣሉ። በየሁለት ቀኑ ሰብስባችሁ የወጡበትን ቀን እየጻፋችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ለፈተና የሚውሉት ከወጡ ከ7 እስከ 14 ቀን የሆናቸው ናቸው። ከጎተራ በቀጥታ የተለቀመ ነቀዝ ዕድሜው ስለማይታወቅ ለማርቢያነት እንጂ ለፈተና አይሆንም።

ተክሉን ማዘጋጀት

የተክሉን ዝርያ፣ የተወሰደውን ክፍልና የተለቀመበትን ወር ጻፉ። ይህ ለመዝገብ ያህል ብቻ አይደለም። የኒም ዋናው ንጥረ ነገር አዛዲራክቲን በብዛት ያለው ከቅጠሉ ይልቅ በፍሬው ውስጥ ባለው አስኳል ነው፤ «ኒም አይሠራም» ከሚሉ ውጤቶች ጀርባ ብዙ ጊዜ ያረጀ የቅጠል ዱቄት አለ።

የሚደርቀው በጥላ ነው። ፀሐይ አዛዲራክቲንንም፣ የፓይረትረም አበባ ንጥረ ነገር የሆነውን ፓይረትሪንንም ታበላሻለች። አየር በሚያገኝ ቦታ ስስ አድርጎ ዘርግቶ በእጅ ሲጨብጡት እስኪፈረፈር ድረስ መጠበቅ ነው። ስትፈጩ ወፍጮው እንዳይግል በአጭር በአጭሩ አቋርጡ፣ በተለይ ባሕር ዛፍን የመሰለ ሽታው ጠንካራ ተክል ከሆነ፤ ሽታው ሲሄድ የምትፈልጉት ነገር አብሮ ይሄዳል። ዱቄቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ንፉት። ሁሉም ተክሎች በአንድ ወንፊት ካልተነፉ የደቃቅነት ልዩነቱ ራሱ የሞት ልዩነት ይሆናል።

ጭማቂ ለማውጣት 100 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ዘፍዝፉ። በተከደነ ዕቃ፣ በጨለማ፣ አልፎ አልፎ እያወዛወዛችሁ 48 ሰዓት ይቆይ። መጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት አጥሩት፤ በዝቃጩ ላይ አዲስ ኤታኖል ጨምራችሁ አንድ ጊዜ ድገሙና ሁለቱን አቀላቅሉ። አልኮሉን ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት አትንኑት። የማትነኛ መሣሪያ ከሌለ በሰፊ የመስታወት ሳህን፣ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይተናል፤ እሳትና ብልጭታ የሚያወጣ ነገር አጠገቡ አይኑር። የቀረውን ወፍራም ቅሪት መዝኑ። 8 ግራም ከሆነ ምርቱ 8 በመቶ ነው። በጥቁር ጠርሙስ፣ በ4 ዲግሪ ይቀመጣል።

ዝቃጩን ግን አትጣሉት። አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ ኋላ ከሁሉም የሚበልጥ ማወዳደሪያ ይሆናችኋል።

በውኃ የወጣ ጭማቂ ርካሽ ነው፣ ጣጣውም የዚያኑ ያህል ነው። በአንድ ቀን ውስጥ መቡካት ይጀምራል፤ እህል ላይ ሲረጭ ደግሞ እርጥበቱን ከፍ አድርጎ ሻጋታ ያመጣል። ለተከማቸ እህል ተስማሚ አይደለም ብሎ መጀመር ይሻላል። የግድ መፈተን ካለበት በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይፈተን።

መጠንና ማወዳደሪያ

በአንድ ጊዜ ትክክለኛውን መጠን ማንም አያገኝም። መጀመሪያ 0.1፣ 1 እና 10 በመቶ በጥቂት ነቀዝ ሞክሩ። ከዚያ ሞቱ ከ10 እስከ 90 በመቶ መካከል የሚወድቅባቸውን አምስት መጠኖች ምረጡ። ሁሉም መጠን መቶ በመቶ ከገደለ ግማሹን የሚገድለውን መጠን ማስላት አይቻልም። ዱቄት ከሆነ ከ5 በመቶ በላይ መሄድ ብዙ አያዋጣም፤ 5 በመቶ ማለት ለአንድ ኩንታል እህል 5 ኪሎ ዱቄት ነው፣ ያንን ማን ያደርቃል፣ ማን ይፈጫል?

ዱቄት ሲፈተን 100 ግራም እህል በዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ 2 በመቶ ከሆነ 2 ግራም ዱቄት ጨምራችሁ ከድናችሁ ለሁለት ደቂቃ አገላብጡ። ጭማቂ ሲሆን በአሴቶን አሟሙታችሁ ለ50 ግራም እህል 2 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ በመስታወት ዘንግ አማስሉ፣ በትሪ ላይ ዘርግታችሁ የአሴቶኑ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቁ። በወረቀት ላይ ከሆነ ደግሞ ዲያሜትሩ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ማጣሪያ ወረቀት 1 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። የወረቀቱ ስፋት 63.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያለው ጭማቂ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.16 ሚሊ ግራም ገደማ ያሳርፋል። ውጤት ሲጻፍ ይህ ቁጥር እንጂ «1 በመቶ» ብቻውን አይበቃም።

ማወዳደሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ምንም ያልነካው እህል። ለጭማቂ፣ አሴቶን ብቻ ተጨምሮበት የደረቀ እህል። ለዱቄት፣ ያ ያስቀመጣችሁት ዝቃጭ፣ በተመሳሳይ ወንፊት ተነፍቶ፣ በተመሳሳይ መጠን። ዝቃጩ እንደ ዋናው ዱቄት ከገደለ ነቀዙን የፈጀው አቧራው እንጂ የተክሉ ንጥረ ነገር አይደለም። አመድ ይህንን ቦታ አይተካም፣ ምክንያቱም አመድ ራሱ ነቀዝ ያደርቃል። በመጨረሻም ለተከማቸ እህል የተፈቀደ የታወቀ ፀረ ተባይ በመለያው ላይ ባለው መጠን፤ እሱም ካልገደለ ችግሩ ነቀዛችሁ ላይ ወይም አሠራራችሁ ላይ ነው።

በእያንዳንዱ ዕቃ 20 ነቀዝ፣ እያንዳንዱ መጠን በአራት ድግግሞሽ። አምስት መጠንና ሦስት ማወዳደሪያ ከሆነ 640 ነቀዝ፣ ሁሉም በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ቀን ያስፈልጋል። እርባታውን ከዚህ ቁጥር ተነስታችሁ አቅዱ። ዕቃዎቹን በመደርደሪያ ላይ በዕጣ አደባልቁ፣ ማወዳደሪያውን ሁሉ አንድ ጥግ አታስቀምጡ። ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት ሲሆን ግን ለብቻው በሌላ ክፍል ይሁን፤ ትነቱ ጨርቁን አልፎ ማወዳደሪያውንም ይገድላል።

መቁጠር

በ24፣ 48፣ 72 ሰዓት፣ ከዚያ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይቆጠራል። የማይንቀሳቀሰውን ነቀዝ በስስ ብሩሽ ወይም በመርፌ ጫፍ ሆዱን ነካ አድርጉት፤ ካልተንቀሳቀሰ ሞቅ ባለ ብርሃን ሥር አምስት ደቂቃ ተዉትና እንደገና ንኩት። ፓይረትረምን የመሰለ ተክል ሲሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ነቀዙ በደቂቃዎች ውስጥ ተገልብጦ ይወድቅና በማግሥቱ ሊነሳ ይችላል። የወደቀውን ወደ ንጹሕ ዕቃ አዛውራችሁ ከ24 ሰዓት በኋላ ድጋሚ ሳታዩ «ሞተ» ብላችሁ አትጻፉ።

በማወዳደሪያው ውስጥ የሞተ ካለ የአቦት ቀመር (1925) ያስተካክለዋል፦ በተክሉ የሞተው በመቶ ሲቀነስ በማወዳደሪያው የሞተው በመቶ፣ ከ100 ላይ የማወዳደሪያው ሞት ተቀንሶ ለሚቀረው ተካፍሎ፣ በ100 ተባዝቶ። በተክሉ 60፣ በማወዳደሪያው 10 ከሞተ፣ 50 ለ90 ሲካፈል 55.6 በመቶ ይመጣል። የማወዳደሪያው ሞት ከ20 በመቶ ካለፈ ቀመሩ አያድነውም፤ ሙከራው ይደገም።

የጎልማሶች ሞት ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ኒም በሦስት ቀን ጥቂት ይገድላል፣ ነገር ግን የነፍሳትን ዕድገትና መራባት ያውካል። ስለዚህ በ14ኛው ቀን የሞተውንም በሕይወት ያለውንም ጎልማሳ አንሱ፣ እህሉን ወደ ዕቃው መልሱ፣ ከ30ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 56ኛው በየሁለት በየሦስት ቀኑ የሚወጣውን ቁጠሩና አስወግዱ። ሳታስወግዱ ከቆያችሁ ሁለተኛው ትውልድ ይቀላቀላል። በማወዳደሪያው 80፣ በተክሉ 12 ከወጣ፣ ቅነሳው 85 በመቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ደካማ መስሎ የታየ ተክል እዚህ ላይ አንደኛ ሊወጣ ይችላል።

በዚያው ዕቃ የክብደት ጉዳቱንም ለኩ። የጤነኞቹ ክብደት በተበሱት ቁጥር ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የተበሱት ክብደት በጤነኞቹ ቁጥር ተባዝቶ ይቀነሳል። ውጤቱ የጤነኞቹ ክብደት በጠቅላላው ቁጥር ተባዝቶ በሚገኘው ይካፈልና በ100 ይባዛል። ከ200 ፍሬ 160ው ጤነኛ ሆኖ 48 ግራም፣ 40ው ተበስቶ 10 ግራም ቢመዝን ጉዳቱ 3.3 በመቶ ነው። እህሉ ለዘር ከሆነ 100 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ላይ አብቅላችሁ ካልነካው ጋር አስተያዩ፤ አንዳንድ ዘይት ነቀዙንም ቡቃያውንም ይገድላል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው የቆይታ ፈተና ነው። እህሉን አንድ ጊዜ አክማችሁ በ30፣ በ60 እና በ90 ቀን አዲስ ነቀዝ ልቀቁበት። ሽታቸው ጠንካራ የሆኑ ዘይቶች በመጀመሪያው ቀን አስደናቂ ሆነው በወሩ ምንም ላይቀራቸው ይችላል።

ከተክል ስለመጣ አይጎዳም ማለት አይደለም። ኒኮቲን ከትንባሆ ነው፣ ሰውን ይገድላል፤ ሮቴኖን ከሥር የሚወጣ ነው፣ ዓሣ ይፈጃል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ በተለይ በመፍጨትና በመንፋት ጊዜ አይቅር። የሙከራው እህል ለሰውም ለከብትም አይሰጥም። ሥራው ሲያልቅ በውስጡ የቀረው ነቀዝ እንዳያመልጥ ከነዕቃው አንድ ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ ካቆያችሁ በኋላ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ ይቀበራል።