ግፊት ያለባችሁ፣ እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ?

ደም ግፊትን ራሴን ሲያመኝ አውቀዋለሁ አትበሉ። ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው። በተለያዩ ቀናት ተለክታችሁ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለባችሁ ማለት ነው። ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ አረፍ በሉ፤ ቡና እንደጠጣችሁ ወይም ከመንገድ እንደገባችሁ የሚለካ ቁጥር ያሳስታል።

በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ፍጥነቱ ትክክል ነው። 30 ደቂቃ በአንዴ ካልተመቻችሁ ለሦስት ከፋፍሉት፤ ከታክሲ ቀደም ብላችሁ ወርዳችሁ ቀሪውን በእግር ሂዱ። እንቅስቃሴው የደም ሥሮችን ያፍታታል፤ የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 8 ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ስታቆሙት ግን ተመልሶ ይወጣል።

አደራ፣ ጀሪካንም ሆነ ብረት ስታነሱ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ ግፊቱን በድንገት ያሻቅበዋል። 180/110 ካያችሁ የዚያን ቀን ስፖርቱ ይቅር፣ ሐኪም ጋር ሂዱ። ቁጥሩ ወረደልኝ ብላችሁም እባካችሁ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ።